አንድ ሲኒ መርዝ

መቼም ሸንኮራ አገዳ ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ወንጂ ነው። አይፈረድብንም። የአገራችን የስኳር ፋብሪካ ታሪክ ሲነገር በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ፋብሪካ ሳይነሳ አይታለፍም፤ ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንዶች ኩባንያ ከኢንዶኔዥያ ጓዙን ጠቅልሎ መጥቶ አዋሽ ዳር የዘረጋው እርሻ ነው። ከዚያ መተሐራ ተከተለ፤ ፊንጫ ተከተለ፤ በእኛም ክልል ጣና በለስ ተነሳ። ነገር ግን ፋብሪካ የማያውቀው፣ ሚዛን ላይ የማይወጣ፣ ከማሳ ተቆርጦ በቀጥታ ወደ ሰው ጥርስ የሚሄድ አገዳም አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከሚሴ ሲደርስ በአውቶቡስ መስኮት ተንጠራርቶ የሚገዛው ይህንኛውን ነው። እኔ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ አገዳው ጣፋጭነት አይደለም። አጠገቡ ስለሚበቅለው አረምና ያንን አረም ለመግደል ስለሚገዛው መርዝ ነው፤ በተለይም ስለ አገዛዙ። አገዛዝ ስል ደግሞ ፖለቲካ የጀመርኩ እንዳይመስላችሁ፤ ከመግዛትና ከመሸጥ የመጣውን ማለቴ ነው።

ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሳይጣሉ የሚያድሩባት፣ ቀትር ላይ ሙቀቷ የሚያስደነግጥ፣ የመኪና መንገዱ እንደ ገመድ ወጥሮ የያዛት ከተማ ናት። ከእሷ ዝቅ ብሎ ቦርከና አለ። ቦርከና ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ፣ የከተማውንም የፋብሪካውንም እጣቢ ተሸክሞ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል። ጨፋ በበጋ የአፋሩም የኦሮሞውም ከብት የሚሰማራበት ሣር ነው፤ ዳር ዳሩ ደግሞ የመስኖ ማሳ ነው። አጎቴ እዚያ ዳር ሁለት ጥማድ መሬት አለው። አንዱን ጥማድ ማሽላና ጤፍ እያፈራረቀ ይዘራበታል። ሁለተኛውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሽንኩርት፣ ግማሹን አገዳ አድርጎታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ከሆነ፣ የአጎቴ የአገዳ እርሻ የሄክታር ስምንተኛ እጅ ነው። ይህች ስምንተኛ እጅ ኋላ ላይ ብዙ ጣጣ ታመጣለች።

አገዳ በልጅነቱ ሰነፍ ነው። ቁራጩ መሬት ውስጥ ተኝቶ አቆጥቁጦ፣ ቅጠሉ ዘርግቶ፣ ከጎረቤት ረድፍ ቅጠል ጋር ተገናኝቶ መሬቱን እስኪያጠላው ድረስ ሦስት አራት ወር ይፈልጋል። በዚያ መካከል በረድፎቹ መሐል ያለው ባዶ መሬት፣ ውሃ የጠጣ፣ ፀሐይ የሚያገኝ መሬት፣ ለአረም የተነጠፈ ምንጣፍ ነው። አገዳው አንዴ ካጠላ በኋላ አረም ራሱ ይፈራዋል። ጦርነቱ ያለው በነዚያ ሦስት አራት ወራት ነው። በአጎቴ ማሳ ላይ የቆጠርኳቸው ጠላቶች አሉማ፣ አስተናግር፣ እንግጫ፣ ሰርዶና ከሁሉም በላይ ቅንጬ ናቸው። አበባው የተፈተገ ስንዴ ስለሚመስል ነው መሰለኝ ቅንጬ የተባለው፤ ስሙ ቁርስ ያስመኛል እንጂ አረሙስ የሚያስመኝ ነገር የለውም። አገሩ ከአትላንቲክ ማዶ አሜሪካ ነው። ወደ እኛ የገባው በ1970ዎቹ እንደሆነ ይነገራል፤ አንዳንዱ ከጦር ሠራዊት መኪና ጎማ ጋር፣ አንዳንዱ ከእርዳታ እህል ጋር መጣ ይላል። የሐረርጌ ኦሮሞዎች ፋረምሲሳ ብለውታል፤ መሬትህን ለቅቀህ እንድትሄድ የሚያስፈርምህ ማለት ነው። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል፤ በእጁ የሚነቅለውም ሰው ቆዳው ያሳክከዋል፣ ይቆስልማል። በ2008 ዓ.ም. ገደማ የቅንጬን ቅጠል ብቻ የሚበላ ጥንዚዛ ወለንጪቲ አካባቢ ተለቅቆ ነበር። ጥንዚዛው እስኪባዛ ግን አጎቴ መጠበቅ አይችልም።

«ድሮስ እንዴት ታርሙት ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት።

«በእጅ ነዋ! ደቦ ጠርተን፣ ቡና አፍልተን፣ ጫቱን ቀንጥበን፣ በሁለት ቀን ጥርግ!»

«አሁንስ?»

እጁን ወደ ምሥራቅ ዘረጋ። ሌላ መልስ አልሰጠኝም፤ አላስፈለገኝምም። የአጎቴ ሁለት ወንዶች ልጆች ጅዳ ናቸው። ከዚህ ዞን ወጣቱ በባቲ በኩል ወደ አፋር፣ ከአፋር ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባሕር ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከመቶ ስልሳ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን አባርራ ስትመልስ አንደኛው የአጎቴ ልጅ አብሮ ተመልሶ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው በመጣበት ተመለሰ። እንግዲህ አረም የሚነቅሉት እጆች ባሕር ማዶ ናቸው። በየሁለት ሦስት ወሩ ሪያል ሆነው ይመጣሉ፤ ሪያሉ ብር ይሆናል፤ ብሩ መርዝ ይገዛል። ሌላው ሁሉ የሚከተለው ከዚህ ነው። ባለሙያዎች ገበሬው ኬሚካል ለምዶ ሰነፈ ሲሉ ስሰማ ደሜ ይፈላል። የቀን ሠራተኛ ቢፈለግም በአረም ወራት ሁሉም ስለሚፈልገው ዋጋው ሰማይ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አብረን ወደ ገበያ ወጣን። ሱቁን ብታዩት የመርዝ ሱቅ አትሉትም። ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ኮሶ የሚያህል የክር ጥቅልል፣ የሕፃናት ብስኩት፤ ከብስኩቱ በላይ ባለው መደርደሪያ ደግሞ የፀረ አረም ጠርሙሶች። ባለሱቁ ወጣት ነው፤ ትሑት ነው፤ አጎቴን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሳ።

«አባ፣ እንዴት አደሩ? ልጆቹ ደኅና ናቸው ከማዶ?»

«አልሐምዱሊላህ። ያቺን የአረም መድኃኒት ፈልጌ ነው።»

(መድኃኒት እንደሚሉት አስተውሉ። እኛ አገር የሚገድልም የሚያድንም መድኃኒት ነው።)

«ለስንት ጥማድ?»

«ለአገዳዋ ናት። ግማሽ ጥማድ።»

«እንግዲያው ሁለት ሲኒ ይበቃዎታል። አብሽሩ።»

ከጠረጴዛው ሥር አንድ የተከፈተ ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ አወጣ፤ እጀታዋ የተሰበረች የቡና ሲኒም አወጣ። ቀዝቅዞ ያደረ ሻይ የመሰለውን ፈሳሽ አንድ ሲኒ፣ ሁለት ሲኒ ቀድቶ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ገለበጠው። ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀኝ። ሃይላንድ የውሃ ስም እንደሆነ አንባቢ ያውቃል፤ ዛሬ ግን ማንም ያምርተው ማን የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። በዚህ መንገድ የተጓዘ ሰው ልጆች መኪና እየተከተሉ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ሲሉ ሰምቷል። ባዶ ጠርሙስ ልመና ነው። መንገደኛው ይወረውርላቸዋል፤ ልጆቹ ለቅመው ለባለሱቅ ይሸጡታል። ከዚያ ምን ይዞ ወደ መንደር እንደሚመለስ ያን ቀን በዓይኔ አየሁ።

ትልቁን ጠርሙስ እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ሳያመነታ ሰጠኝ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም የሩዝ ቅንጣት በማታህል ፊደል። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ ግማሹን እንኳ ለማንበብ አላበቃኝም፤ የቀረውን በኋላ ጠይቄና አገላብጬ ነው የተረዳሁት። ከታች ቢጫ መስመር አለው። ይህ ቀለም ለጌጥ አይደለም። ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ ከዚያ የቀለለ፣ አረንጓዴ ደግሞ በጥንቃቄ ከተያዘ ብዙ የማያሰጋ ማለት ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ሲባል በዓለም ዙሪያ የተበጀ ዘዴ ነበር። ሲኒዋ ግን መስመር የላትም። ሃይላንዱም የለውም።

ፈሳሹ ገበሬው ሁሉ ቱ ፎር ዲ የሚለው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተገኘና ጦርነቱ እንዳበቃ ለገበያ የቀረበ አንጋፋ ፀረ አረም ነው። አሠራሩ ይገርማል። የዕፅዋትን የእድገት ቅመም አስመስሎ የተሠራ ስለሆነ ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል ሲነካው ያለ ቅጥ ያድጋል፣ ይጠማዘዛል፣ ራሱን በራሱ አንቆ ይሞታል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ አገዳ ግን የሣር ወገን ናቸውና ያልፋቸዋል። ስለዚህ ቅንጬን፣ አሉማንና አስተናግርን ይገድላል፤ እንግጫንና ሰርዶን ግን አይነካም፤ እነሱም የአገዳው ዘመዶች ናቸውና። አጎቴ ይህንን የሚያውቀው በልምድ ነው። «ግማሹን ይገድላል፣ ግማሹን ያወፍራል» ይላል። እውነቱን ነው፤ ቅንጬው ሲሞት ሰርዶው ቦታውን ይወርሳል። ያን ጊዜ ገበሬው ወደ ሱቅ ተመልሶ «ይኼ አልሠራም፣ ጠንከር ያለ ስጠኝ» ይላል። ጠንከር ያለው ደግሞ አለ፤ ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ የሚያደርቀው ግላይፎሴት። እሱም በሲኒ ይቀዳል። እሱም ሃይላንድ ውስጥ ይገባል። በአገዳው ላይ የወረደ ዕለት ደግሞ አገዳውን ከሰርዶው አይለይም።

ለምን በሲኒ? ባለሱቁን መውቀስ ይቀላል። እኔም ቀልሎኝ ነበር፤ ሒሳቡን እስክሠራው ድረስ። በእህል ላይ የተለመደው መጠን ለአንድ ሄክታር አንድ ሊትር ነው። ጠርሙሱም የታሸገው በሊትር ነው። ግማሽ ጥማድ ያለው ሰው የሚያስፈልገው 125 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት ትናንሽ ሲኒ ነው። ሙሉውን ቢገዛ የቀረውን ሰባት እጅ ምን ያደርገዋል? ጠርሙሱን የሠራው ሰው በዓይነ ሕሊናው ያየው ሌላ ገበሬ ነው፤ ሰፊ ማሳ፣ ትራክተር፣ መጋዘን ያለው። ከሊትር ያነሰ እሽግ ከሚሴ ገበያ ፈልጌ አላገኘሁም። እንግዲህ በፋብሪካው ሊትርና በገበሬው ጥማድ መካከል ያለውን ክፍተት የምትሞላው እጀታዋ የተሰበረችው ሲኒ ናት። ነፃ ግን አይደለችም፤ ስምንት ጊዜ በሲኒ የሚሸጠውን ብደምረው ከታሸገው ጠርሙስ ዋጋ ግማሽ ያህል በልጦ አገኘሁት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የታሸገው ራሱ የማይቀመስ ሆኗል፤ ሲኒዋም ፈላጊዋ በዛ።

በትልልቆቹ እርሻዎች መርዝ የሚገዛው በሌላ ሥርዓት ነው። እዚያ ባለሙያ አለ፤ ማሳውን አይቶ የአረሙን ዓይነት ይመዘግባል፣ ዝርዝር መግለጫ ይጽፋል፣ ጨረታ ይወጣል፣ አስመጪዎች ይወዳደራሉ፣ ባንክ የውጭ ምንዛሪ እስኪፈቅድ ይጠበቃል፣ መርከብ ጅቡቲ እስኪደርስ ይጠበቃል። በወረቀት ላይ እንከን የለውም። ችግሩ አረም ጨረታ አያነብም። አትራዚንን የመሰሉት በአገዳ እርሻ የታወቁ ፀረ አረሞች ዋና ሥራቸው አረሙ ከመብቀሉ በፊት ወይም ገና ብቅ ሲል መሬት ላይ መጠበቅ ነው። ዕቃው በሁለት ወር ከዘገየ አረሙ ጉልበት ደርሶ ይቀበለዋል፤ ያን ጊዜ መጥረቢያ የያዘ የቀን ሠራተኛ ይሻላል። (አትራዚንን የአውሮፓ ኅብረት በ1996 ዓ.ም. የከርሰ ምድር ውሃ እየበከለ ነው ብሎ ከእርሻው አስወጥቶታል፤ ይህ ራሱን የቻለ ወሬ ነው።) በወንጂ ዙሪያ በማኅበር ተደራጅተው ለፋብሪካው አገዳ የሚያቀርቡ ገበሬዎችስ ግብዓቱን በፋብሪካው በኩል ያገኛሉ፤ ዋጋው ከአገዳው ሒሳብ ይቀነስባቸዋል። በሚቀነሰው ላይ የሚያጉረመርም አይጠፋም። ቢሆንም መርዙን በቡና ሲኒ አይሸምቱም። የከሚሴ አገዳ ግን ፋብሪካ የለውም፤ ጥርስ ብቻ ነው ያለው። ጥርስ ደግሞ ግብዓት አያበድርም።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። በኢሕዴሪ ዘመን ማብቂያ የወጣ ልዩ ድንጋጌ ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ወጣ። ያልተመዘገበ መርዝ አይገባም፣ ፈቃድ የሌለው አይሸጥም፣ ያለ ተገቢ ማሸጊያና መግለጫ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ ሲኒዋ ከሚሴ ናት። መንግሥት መርዝ ማቅረብ አይችልም እንዳይባል ደግሞ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ ወሎን ሲያለብሰው አይተናል፤ አውሮፕላን መጣ፣ ኬሚካል መጣ፣ ባለሙያ መጣ። አንበጣ በሰማይ ስለሚመጣ ሁሉም ቀና ብሎ ያየዋል። አረም አጎንብሶ ለሚያይ ብቻ ነው የሚታየው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ ደርሶ መንገዱ ሲዘጋ መርዝም ጠፋ፤ አጎቴ ያን ዓመት አገዳውን ከሚስቱ ጋር በእጁ አረመ። ወገቡ እስከ ዛሬ ያንን ይከስሳል።

አሁን ወደ ቲማቲሙ ልምጣ። ከአጎቴ ማሳ ወዲያ ማዶ አንድ ጎረቤት ቲማቲም ነበረው፤ ያፈራ፣ ሊቀላ የቀረበ። አጎቴ የጀርባ መርጫውን አዝሎ አገዳውን የረጨ ዕለት ከሰዓት በኋላ የጨፋ ነፋስ ተነሳ። በሦስተኛው ቀን የቲማቲሙ ቅጠል እንደ አሮጊት ጣት ተኮማተረ፣ ግንዱ ተጠማዘዘ። ቲማቲም ሰፊ ቅጠል ነው፤ ቱ ፎር ዲ ከቅንጬ አይለየውም። ጎረቤቱ ዱላ ይዞ አልመጣም፤ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ዋርካ ሥር ተቀመጥን። እኔም ከተሜ ነኝና ዳር ላይ ቁጭ አልኩ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ አእምሯቸው ግን እንደ ምላጭ የሆኑ ሰው፣ «መርዙን አምጡት» አሉ። አጎቴ ሃይላንዱን አመጣ። ተቀበሉት፣ አሸተቱት፣ ወደ ፀሐይ አነሡት።

«ይኼ ምን ይባላል?»

«የአረም መድኃኒት።»

«ስሙን ነው የጠየቅሁህ። ነፋስ ካለ አትርጭ፣ ቲማቲም አጠገብ አትርጭ ተብሎ የተጻፈበት አለ ወይ?»

«ጠርሙሱ ላይ ነበር አሉ፤ በፈረንጅኛ።»

«ጠርሙሱስ?»

«ሱቅ ነው ያለው።»

ሽማግሌው ሃይላንዱን መሬት ላይ አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ባለሱቁ ይጠራ የሚል አንድ ወጣት ተነስቶ ነበር፤ ባለሱቁ ግን ለሁሉም በዱቤ የሚሰጥ ሰው ነውና ነገሩ እዚያው ቀረ። በመጨረሻ አጎቴ የአገዳውን ሲሶ ለጎረቤቱ እንዲሰጥ ተፈረደ። ጎረቤቱ ተቀበለ፤ ፋቲሐ ተደረገ፤ እርቁም ሆነ። ሁለቱ ሰዎች ዛሬ በአንድ መስኖ ይጠጣሉ። ነገር ግን የተካሰሱት ሁለቱም ያላነበቡት ወረቀት ባመጣው ጉዳት ነው።

ማታ ቤት ስንገባ የአጎቴ ሚስት የተረፈውን መርዝ ከእጁ ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች። ተከትያት ገባሁ። ከጣራው ማገር ላይ ሁለት ሃይላንዶች ተንጠልጥለዋል። አንደኛው አንገት ላይ ቀይ ክር፣ ሌላው አንገት ላይ ጥቁር ክር ታስሯል።

«ምንድን ነው እሱ፣ እታለም?»

«ቀዩ የአገዳው ነው። ጥቁሩ ሁሉን የሚያደርቀው ነው። አጎትህ አንድ ጊዜ ሊያሳስት ነበርና ከዚያ ወዲህ እኔ ነኝ የማስረው። ከፍ ያደረግሁት ደግሞ ለዚህ ነው» አለችና በአገጯ ወደ ደጅ አመለከተች። የአራት ዓመት የልጅ ልጇ ግቢው ውስጥ ባዶ ሃይላንድ በገመድ አስሮ መኪና ነው ብሎ ይጎትታል። ውሃ ሲጠማውም የሚጠጣው በሃይላንድ ነው። ሌላ ዕቃ አያውቅም።

«ክሩ ቢበጠስስ?» አልኳት።

«እቀይረዋለሁ። በየጁምዓው አየዋለሁ።»

ይህች ሴት ፊደል አልቆጠረችም። ከሊትሩ ወደ ሲኒው ሲገለበጥ የጠፋውን የቀለም መስመር ግን በክር መልሳ አስራዋለች። በዚያ ሰንሰለት ውስጥ፣ ከአስመጪው እስከ ባለሱቁ፣ የምትሸጠውን ሳይሆን የምትፈራውን ለይታ የያዘች ሌላ ሰው አላየሁም።

ወደ አዲስ አበባ ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ቡና ላይ አንድ ሐሳብ ተነሳ። አጎቴና ሦስት ጎረቤቶቹ፣ ባለቲማቲሙ ጨምሮ፣ ገንዘብ አዋጥተው አንድ የታሸገ ሊትር ቢገዙስ? የአራቱ የጤፍ፣ የማሽላና የአገዳ መሬት ሲደመር ሄክታር ገደማ ይሞላል። ጠርሙሱ አንድ ቤት ይቀመጣል፤ መርጫውም አንድ ይሆናል፤ ነፋስ በሌለበት ማለዳ በተራ ይረጫል፤ ባለቲማቲሙ ቀኑን ይመርጣል። የማን ቤት ይቀመጥ ሲባል ሁሉም ወደ አጎቴ ሚስት አዩ። እሷም ቡናዋን እየቀዳች «እኔ ጋ ከሆነ ቁልፍ ያለው ሳጥን ግዙልኝ» አለች።

ሐሳቡ የተሰናከለው በብር ነው። ባለሱቁ ሲኒ በዱቤ ይሰጣል፤ ማሽላ ሲታጨድ ይከፈለዋል። የታሸገውን ግን በዱቤ አይሰጥም፤ እሱም ከኮምቦልቻ በጥሬ ገንዘብ ነው የሚያመጣው። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ የታሸገ ያመጣል፤ ዋጋውም ይሻላል፤ ዓምና ግን የመጣው አገዳው ካጠላ በኋላ ነበር። ከአራቱ ጎረቤቶች ሁለቱ የዛሬ ወር ልጆቻቸው ከላኩ እንከፍላለን አሉ። አንደኛው በጣቱ ወራቱን ቆጥሮ፣ አረሙ እስከዚያ ጉልበት ይደርሳል አለ።

አጎቴ ባዶ ሃይላንዱን አንስቶ ወደ ገበያ ሲወጣ ሚስቱ ከበር ጠርታ መለሰችውና ቀይ ክር ሰጠችው፤ እዚያው ሱቅ እንዲያስርበት።